የኮሰረቱ ነገር

ሰበታ ውስጥ፣ ወደ ተፍኪ መውጫው ባለው ሠፈር፣ ጠላ ቤት የት እንዳለ የሚጠይቅ ሰው ካያችሁ እንግዳ ነው። የሠፈሩ ሰው አይጠይቅም፤ ወርቅቱ ቤት ይሄዳል። በሯ ላይ ከእንጨት ጫፍ የተደፋች ጣሳ አለች፣ እሷም ብትሆን ለደንቡ ነው እንጂ ማንም አይቷት አይገባም። ወርቅቱ ሠላሳ ሁለት ዓመት ጠምቃለች። ሠርግ የደገሰ፣ ተዝካር የሚያወጣ፣ የማኅበር ተራ የደረሰበት ሁሉ የራሱን ጠላ እቤቱ ጠምቆ እንኳ "ወርቅቱ ትቅመሰውና ትበለን" ብሎ ያስጠራታል። እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ትሄዳለች፣ ከድፍድፉ በመዳፏ ጠብ ታደርጋለች፣ ምላሷን ከላንቃዋ ታጣብቃለች፣ "ሁለት ቀን ይቆይ" ወይም "ዛሬውኑ አጥልሉት" ትላለች። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

እንዲህ ያለች ሴት ኩራት የላትም ካላችሁኝ አላምናችሁም። ነበራት፤ እንዴት አይኖራት። የሷ ጠላ ቀላ ያለ ነው፤ መጀመሪያ የተቆላው ገብስ ይመጣል፣ ቀጥሎ የጌሾው ምሬት፣ ከዋጡት በኋላ ደግሞ አፍንጫ ላይ የሚቀር ደስ የሚል ሽታ አለው። ሽታው የኮሰረት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በአጥሯ ጥግ ለጥግ የተተከለውን ኮሰረት ማንም አላፊ አግዳሚ ያየዋል። ግን ኮሰረት በየቤቱ አለ፤ የወርቅቱ ጠላ ያለው ወርቅቱ ቤት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የጠማቂዎችን አመል ልንገራችሁ፤ እሱን ካላወቃችሁ የቀረው አይገባችሁም። ጠማቂ ጠማቂን "እንዴት አድርገሽው ነው?" ብላ ከጠየቀቻት መልስ አይከለከልም። መከልከል ነውር ነው። የብቅሉን ዓይነት፣ የአሻሮውን አቆላል፣ የጌሾውን ልክ፣ የጋኑን አስተጣጠብ፣ ሁሉንም ዘርዝራ ትነግራታለች። አንዲት ነገር ብቻ ታስቀራለች፣ ወይም አጣማ ትነግራታለች። ጠያቂዋም ይህንን አሳምራ ታውቃለች። ፈገግ ብላ "እግዜር ይስጥልኝ" ትላለች፣ እቤቷ ትገባና የጎደለችውን ነገር በገዛ እጇ ትፈልጋለች። ካገኘቻት የራሷ ሆነች ማለት ነው። ይህን ማንም ውሸት ብሎት አያውቅም። ነጋሪዋም ተነጋሪዋም እኩል የሚያውቁት ጨዋታ ነው፣ ማንም አይጎዳበትም።

ሄመን ግን ጨዋታውን አታውቅም ነበር።

ሄመን ወርቅቱ ጓሮ ካሉት የኪራይ ክፍሎች አንዱን ይዛ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ኬሚስትሪ ተምራለች፣ አንድ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራ ነበር። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ካሉት ወላጆቿ ቤት መመላለሱ ሲያንገሸግሻት ነው ሰበታ የተከራየችው። አምና ታዲያ ደኅናውን ሥራዋን ለቀቀች። የራሷን ቢራ ልትጠምቅ። እናቷ መጥታ ወርቅቱ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ አልቅሳለች፤ "ጠማቂ እንድትሆን ነው እንዴ ያስተማርኳት?" ብላ። ይህን ያለችው ለጠማቂ መሆኑን የተረዳችው ከተናገረች በኋላ ነው፣ ደንግጣ ይቅርታ ስትጠይቅ ወርቅቱ ስቃ አለፈችው።

የሄመን ቢራ ቀይ ነው። ፋብሪካ እንደሚያወጣው ቢጫ አይደለም፤ የተቆላ የገብስ ብቅል ይገባበታል፣ ብርጭቆ ውስጥ ሆኖ ወደ ብርሃን ሲያዩት ቀይ ሻይ ይመስላል። ከውጭ በሚመጣው ሆፕስ በሚሉት መራራ አበባ ፈንታ የሱሉልታ ጌሾ ታደርግበታለች፣ የአገር ቅጠልም ትጨምርበታለች። የአዲስ አበባ ልጆች እንዲህ በትንሽ በትንሹ የሚጠመቀውን "ክራፍት ቢራ" ይሉታል። ሁለት የብረት ድስት፣ አንድ የጋዝ ሲሊንደር፣ ሚዛንና ቴርሞሜትር ይዛ፣ ክፍሏ አጠገብ ባለችው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ስትቀቅልና ስታቀዘቅዝ ትውላለች። ቢራው ጥሩ ነበር፤ ሽታው ግን አልመጣላትም። ጦስኝ ሞከረች፣ ጠጅ ሳር ሞከረች፣ አልሆነም። አንድ ቀን ጠዋት ወርቅቱ ብቅል ስትለቅም መጥታ ፊት ለፊቷ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

"እማማ ወርቅቱ፣ የርስዎን ጠላ ሽታ ቢራዬ ላይ ማምጣት ፈልጌ ነበር። ያስተምሩኛል?"

ወርቅቱ ደስ አላት። የተማረች ልጅ እሷ ፊት እስክሪብቶ ይዛ ስትቀመጥ ማን ደስ አይለው። ሁሉንም ነገረቻት። ሄመን እያንዳንዱን ጻፈች፤ "አንድ እፍኝ" ሲሏት እፍኙን በሚዛን ታስለካለች፣ "ለብ ሲል" ሲሏት ውሃውን በቴርሞሜትር ትለካለች። ወርቅቱ እየሳቀች ታዘዘቻት።

"ኮሰረቱንስ መቼ ነው የምጨምረው?"

"ከጌሾው ጋር አብረሽ ቀቅዪው። ቅጠሉ እስኪጠቁር።"

ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነው። ኮሰረት እሳት ከነካው ያለቀለት ነገር ነው። ቅቤ ሲነጠር ሌላ ነው፤ ቅቤ ሽታውን ይይዘዋል። ውሃ ግን ሽታውን ለእንፋሎት ይሰጥና ምሬቱን ለራሱ ያስቀራል። ወርቅቱ ኮሰረቱን የምትጨምረው ጠላው ሁሉ ነገሩ ካለቀ፣ ከበረደ፣ ከጠለለ በኋላ፣ በስስ ጨርቅ ቋጥራ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ያቺ ናት የሷ አንዲት ነገር።

ተናግራ ስታበቃ የሄመንን ፊት አየች። ያቺ የምታውቃት ፈገግታ መምጣት ነበረባት፤ "ገባኝ፣ ይቺን አስቀሩብኝ" የምትለዋ። አልመጣችም። ልጅቷ የሰማችውን ጻፈች፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት፣ ተነሥታ የወርቅቱን ትከሻ ስማ ሄደች። ወርቅቱን አንድ ነገር ሸንቆጥ አደረጋት። ልትጠራትም አስባ ነበር፣ ግን ደንበኛ መጣ።

ባሏ ኢፋ በረንዳው ላይ የማረሻ ጠፍር እየጠገነ ነበር። ከመሬታቸው የቀረችውን ጥቂት ጥማድ አሁንም ያርሳል። ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ሲናገር ግን ሰው የሚሸሽበትን ቦታ አያስቀርም።

"ወርቄ፣ ልጅቷ እኮ ጻፈችው" አላት።

"ይሁና። ሲመራት ራሷ ትደርስበታለች።"

"ሶባ ነው የነገርሻት።"

"ሶባ አይደለም፣ ሙያ ነው" አለች ወርቅቱ፣ ብቅሏን ወደ መልቀሙ ተመለሰች። ሶባ በኦሮምኛ ውሸት ነው። ቃሉ ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ቆየ፣ ቢሆንም ያን ያህል አላስጨነቃትም፤ ሁሉም ጠማቂ የሚያደርገውን ነው ያደረግኩት አለች። እዚህ ድረስ እኔም አልፈርድባትም።

የምፈርድባት በኋላ ለሆነው ነው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ሄመን አንድ ብርጭቆ ቢራ ይዛ መጣች። ዓይኗ ደክሟል።

"እማማ፣ እስቲ ይቅመሱልኝ። መረረኝ። የሆነ ነገር አበላሽቼ ይሆን? ቡራዩ እስራኤል የሚባል ሰው አዲስ ቤት ከፍቷል፣ ቢራዬን እሱ ቤት ላስገባ ተነጋግረናል። ቅዳሜ ሁለት ሳምንት ሰው ጠርቶ ያስቀምሳል። ከወደዱት ዓመቱን ሙሉ ከኔ ይወስዳል፣ ካልወደዱት አበቃ። ከተበላሸ አሁን ደፍቼ እንደገና ልጀምር፣ ጊዜ አለኝ።"

ወርቅቱ ቀመሰችው።

አሁን እውነቱን እንነጋገር። ምሬቱ ወዲያው መጣ፣ የተቀቀለ ኮሰረት ምሬት፣ የሐኪም ቤት መድኃኒት የሚመስል። ግን ወርቅቱ የዋዛ ምላስ የላትም፤ ከምሬቱ ሥር ያለውንም ቀመሰችው። ከሥሩ ያለው ቢራ ግሩም ነበር። የብቅሉ አቆላል ልኩን የያዘ፣ ጥርት ያለ፣ አፍ ላይ የማይከብድ፣ ሲዋጥ ሌላ ጉንጭ የሚያስመኝ። እሷ በሠላሳ ሁለት ዓመት እንዲህ የጠራ አውጥታ አታውቅም። ኮሰረቱ ቢስተካከል ይህች ልጅ የወርቅቱን ጠላ ጥላው ትሄዳለች። ጥቂት ወር ካለፈ ሠርግ የደገሰ ሁሉ ማንን ሊጠራ ነው?

ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም። በልጇ ዕድሜ ባለች፣ ቤቷ በምታድር፣ ትከሻዋን በምትስም ልጅ ቀናች።

"መጀመሪያ ይመራል" አለች፣ ድምፅዋን አለስልሳ። "ሲከርም ይለቀዋል። እንዳትነኪው።"

"እውነት?"

"እኔ እነግርሻለሁ እንዴ የማላውቀውን?"

የሄመን ፊት በራ። "እግዜር ይስጥልኝ እማማ፣ እኔማ ልደፋው ነበር" አለችና እየሮጠች ሄደች። ወርቅቱ ባዶውን ብርጭቆ ይዛ ቀረች። ዞር ስትል ኢፋ በሩ ላይ ቆሟል። አይቷት ወደ በሬዎቹ ሄደ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የወርቅቱ ደግነት ሌላ ሆነ። ዳቦ ስትጋግር ለሄመን መጀመሪያ ትቆርሳለች። ሽሮ ትልክላታለች፣ ልብሷን ከዝናብ ታስገባላታለች፣ የመብራት አምፖሏ ሲቃጠል ኢፋን ልካ ታስቀይርላታለች። ልጅቷ እንደ እናት ወደዱኝ ብላ ለሰው አወራች። ወርቅቱም ይህን ሰማች። በየቀኑ "ዛሬ እነግራታለሁ" ትላለች፤ በየቀኑ ደግሞ መንገሩ ይከብዳል። የመጀመሪያውን ቀን ብትነግራት ሳቅ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ብትነግራት ይቅርታ ይበቃው ነበር። አሁን ምን ትላታለች? ቀንቼ ነው ትላለች? እንዲህ እያለች ሁለቱ ሳምንት አለቀ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄመን ባለ ጥለት ነጭ ቀሚስ ለብሳ በሯን አንኳኳች። "እማማ፣ አብረው ካልመጡ አልሄድም" አለቻት።

"ኧረ ጉልበቴን አሞኛል የኔ ልጅ። ደግሞስ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?"

ኢፋ ከውስጥ ሆኖ "ትሄዳለች" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ወርቅቱም ምክንያት ማብዛቱን ፈራችና ለበሰች።

ጠርሙሶቹ በካርቶን ታሽገው አንዲት ዳማስ ላይ ተጫኑ። በአየር ጤና፣ በኮልፌ አድርገው፣ አሸዋ ሜዳን አልፈው ቡራዩ እስኪደርሱ ሄመን ወሬዋን አላቋረጠችም። ያለፈውን ሁለት ሳምንት ሙሉ ቢራውን አልቀመሰችውም፤ "እርስዎ ይከርም ስላሉኝ ጠርሙሱን ከፍቼ አየር እንዳላስገባ ብዬ" አለች። ወርቅቱ መስኮቱን ስታይ ነበር። መኪናው ጎማው በፈነዳ፣ ፖሊስ በመለሰን፣ የሆነ ነገር በሆነ እያለች በሆዷ ትለምናለች። ምንም አልሆነም፤ ሰዓታቸውን ጠብቀው ደረሱ።

እስራኤል አርባ ዓመት ገደማ የሆነው ሳቂታ ሰው ነው። ቤቱ አዲስ ነው፣ ቀለሙ ገና ይሸታል። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤ ጓደኞቹ፣ የሆቴል ሰዎች፣ ሁለት ሦስት የሠፈሩ ሽማግሌዎች። ወርቅቱን ከጠረጴዛው ራስ አስቀመጧት። ለምን እንደሆነ አልገባትም፣ ሄመን ካርቶኑን ከፍታ የመጀመሪያውን ጠርሙስ ፊቷ እስክታቆመው ድረስ።

ጠርሙሱ ላይ የራሷን ፊት አየች። ነጠላዋን አናቷ ላይ አስራ፣ ማጥለያ ይዛ፣ አንገቷን ወደ ኋላ ብላ ስትስቅ የተነሣችው ፎቶ፤ ሄመን በስልኳ ያነሣቻት ጊዜ ትዝ አላት። ከፎቶው በላይ በቀይ ፊደል "ወርቅቱ" ተብሎ ተጽፏል።

"የቢራው ስም ነው" አለች ሄመን፣ ጉንጯ ቀልቶ። "ላስደንቅዎ ብዬ ነው ያልነገርኩዎት።"

ሰዉ አጨበጨበ። ወርቅቱ ፊቷን ወዴት እንደምታዞር ጠፋት። የሚያያት ሁሉ እያፈረች መሆኑን አየ፤ ግን ደስታ የፈጠረው እፍረት መሰለው። አንደኛው ሽማግሌ "ይገባዎታል፣ ቀና ይበሉ እንጂ" አላት። ቀና ማለት አልቻለችም፤ ቀና ስትል ፊት ለፊቷ ሃያ ወርቅቱ ተደርድሮ ይስቅባታል።

ሄመን ቆማ ተናገረች። ገብሱ ከየት እንደመጣ፣ ጌሾው ከየት እንደመጣ፣ ሽታውን ከማን እንደተማረች። "በአገራችን ወግ ጠማቂው ሳይቀምስ እንግዳ አይቀምስም፤ የዚህ ጠማቂ ደግሞ እሳቸው ናቸው" አለችና ለወርቅቱ መጀመሪያ ቀዳችላት። ቀዩ ቢራ አረፋውን ደፍቶ ብርጭቆው ውስጥ ሲረጋ ያምር ነበር። ወርቅቱ እንደ ልማዷ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምናልባት እውነትም ይለቀው ይሆናል ብላ ራሷን ስታባብል ኖራለች። አልለቀቀውም፣ ጭራሽ ብሶበታል።

ሃያ ሰው ዓይን ዓይኗን ያያል። "እንዴት ነው እማማ?" አለ እስራኤል።

"ጥሩ ነው" አለች ወርቅቱ።

ሦስተኛዋ ውሸቷ ናት ይቺ።

ለሰዉ ተቀዳ። ሁሉም ተጎነጨ። የኛን ሰው ታውቁታላችሁ፤ በሰው ድግስ ላይ መረረኝ አይልም። "ቀለሙ ግሩም ነው" አለ አንዱ። "መድኃኒትነት አለው፣ ያስታውቃል" አለ ሌላው። "ለጨጓራ ሳይሆን አይቀርም" አለች አንዲት የሆቴል ሥራ አስኪያጅ፣ ብርጭቆዋን በሁለት ጣት ወደ ጠረጴዛው መሐል እየገፋች። እስራኤል ሁለተኛ ሊጎነጭ አነሣና መልሶ አስቀመጠው። "ይታሰብበታል" አለ ለሄመን፣ ፈገግታውን ሳይቀንስ። "ይታሰብበታል" የተባለ ነገር ምን እንደሆነ ሄመንም ወርቅቱም ያውቃሉ።

ሄመን የቀመሰችው ከሁሉም በኋላ ነው። ስትውጠው ፊቷ ሲለወጥ ወርቅቱ አየቻት። ልጅቷ ብርጭቆውን አስቀመጠች፣ ከንፈሯን ጠረገች።

"ይቅርታ አድርጉልኝ" አለች። "ይህ የሳቸው ጠላ ጣዕም አይደለም። የሳቸውን የቀመሰ ሰው እዚህ ካለ ያውቃል። እሳቸው በደንብ ነው ያስተማሩኝ፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የት ጋ እንዳበላሸሁት አላውቅም፣ ግን እኔ ነኝ። ስማቸውን እዚህ ላይ መለጠፍ አልነበረብኝም።"

ከዚያ ጠረጴዛውን እየዞረች ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ማንሣት ጀመረች። ስታነሣቸው ፎቶው ወደ ራሷ እንዲሆን እያዞረች፣ ሰው እንዳያየው በክንዷ እየሸፈነች። የወርቅቱን ፊት ከዚያ መራራ ነገር ልታድን ነው።

ወርቅቱ ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻለችም። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ተነሣች፣ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች።

"እሷ አላበላሸችም" አለች። "እኔ ነኝ ያሳሳትኳት። ኮሰረት አይቀቀልም፤ ቀቅዪው አልኳት። መረረኝ ብላ ስትመጣም እያወቅሁ ሲከርም ይለቀዋል አልኳት። ልጅቷ ያልኳትን ነው ያደረገችው።"

ከዚያ ሽማግሌው አንገቱን ነቀነቀ፣ "አይ የእናት አንጀት" አለ። እስራኤልም ልቡ ተነክቶ "አያችሁ? ልጅቷ እንዳታፍር ጥፋቱን በራሳቸው ወሰዱት" አለ። አንዷ ማጨብጨብ ጀመረች፣ ሁሉም ተከተላት። ከመጀመሪያው ጭብጨባ ይህኛው በለጠ።

"እውነቴን ነው" አለች ወርቅቱ።

"እናውቃለን እማማ፣ እናውቃለን" አሏት፣ እንደ ማባበል። እስራኤል መጥቶ እጇን ያዘ። "ባይሆን እርስዎ ራስዎ የሚጠምቁትን ጠላ ለዚህ ቤት ያምጡልኝ። ስምዎም ፎቶዎም አለ፣ ከእንግዲህ ምን ቀረ?"

እንግዲህ ይህን አስቡት። የቀናችበትን ነገር ሁሉ በሳህን አድርገው ሰጧት። ሠርቃ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አታፍርም ነበር፤ ሌባን ቢያንስ ሌባ ይሉታል። እሷን ደግ ብለው አጨበጨቡላት። "አላመጣም" አለች፤ እጇን ከእስራኤል እጅ አወጣች። ያንንም ትሕትና ነው አሉት።

ያላጨበጨበች አንዲት ሰው ብቻ ነበረች። ሄመን ካርቶኑ አጠገብ ቆማ፣ አንድ ጠርሙስ እንዳቀፈች፣ ወርቅቱን ታያታለች። የተማረች ልጅ ናት፤ የተቀቀለ ቅጠል ምን እንደሚሆን አሁን በራሷ አእምሮ እያወጣች እያወረደች ነው። ወርቅቱ ያንን ዓይን ማየት አልቻለችም፣ አንገቷን ደፋች።

በመመለሻው ልጅቷ ድምፅ ያወጣችው ወለቴን ሲያልፉ ነው፣ ወደ ፊት መንገዱን እያየች።

"መረረኝ ብዬ ብርጭቆ ይዤ የመጣሁ ቀን፣ ያኔም ያውቁ ነበር?"

ወርቅቱ መዋሸት እንደምትችል ታውቅ ነበር። ረሳሁት ማለት ይቻላል፣ አርጅቻለሁ ማለት ይቻላል፤ ሄመን ታምናት ነበር።

"አውቅ ነበር" አለች።

"ለምን?"

"ከኔ ይበልጥ ነበር። ቢራሽ። ቀናሁ።"

ሰበታ ሲደርሱ ሄመን የወርቅቱን ክንድ ይዛ ከመኪናው አወረደቻት፤ ለሽማግሌ እንደሚደረገው። ያ ደግሞ ከስድብ በላይ አቃጠላት።

ሦስት ቀን እንዲህ ሄደ። ሄመን ጠዋት ስትወጣ "አካም ቡልቴ፣ እማማ" ትላለች፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ታልፋለች። ቢራውን ቆርቆሮ ቤቱ ጀርባ ስትደፋው ድምፁ ተሰማ። ወርቅቱ የላከችው ዳቦ ሳይቆረስ በሳህኑ ላይ ተመለሰ፤ "ስለጾምኩ ነው" ብላ፣ ማክሰኞ ቀን። ወርቅቱ ለደንበኛ ጠላ ስትቀዳ እንኳ ቀና አትልም። "ወርቅቱ ዛሬ ምን ሆናለች?" ሲሉ ኢፋ "ጉልበቷን አሟት ነው" ይላቸዋል። ለሷ ሲል ዋሸ፤ ይህንንም በራሷ ላይ ቆጠረችው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከአጥሩ ኮሰረት ቀጥፋ፣ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ የሄመንን በር አንኳኳች። ልጅቷ ከፈተች። ከኋላዋ የብረት ድስቱ ታጥቦ ተደፍቷል፣ አልጋው ላይ ሻንጣ ተከፍቷል። ልትሄድ ነው።

ወርቅቱ ሻንጣውን አየች፣ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። "ሄሜ፣ ከመሄድሽ በፊት እንዴት እንደሚደረግ ልንገርሽ" አለች። "ሁሉንም። ምንም ሳላስቀር።"

ሄመን ኮሰረቱን አየችው፣ ከዚያ የወርቅቱን ፊት። ቁጣ አልነበራትም። ቢኖራት ወርቅቱ የምትይዘው ነገር በኖራት።

"አይንገሩኝ እማማ" አለች፣ ቀስ ብላ። "የሚሉኝን ማመን አልችልም። ያድርጉትና ልይ።"

ወርቅቱ ዞራ ወደ ጓዳዋ ሄደች፣ ሄመን ተከተለቻት። የበረደውን፣ የጠለለውን ጠላ ጋን ከፈተች። ስስ ጨርቅ አነጠፈች፣ ቅጠሉን መጥና አስቀመጠችበት። ሠላሳ ሁለት ዓመት የቋጠረችው ቋጠሮ አልቋጠር አላት። ፈትታ እንደገና ጀመረች። ልጅቷ አልረዳቻትም፣ አላስቸኮለቻትም። አጠገቧ ቆማ፣ ጨርቁ ታስሮ ጋኑ ውስጥ እስኪገባ ድረስ፣ ዓይኗን ከወርቅቱ እጆች ላይ አላነሣችም።